የካታንጋን ካርታ ከወንዙ ጀምሬ እንዴት እንደሠራሁት

በ1960ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ ኮንጎ የዘመቱትን ወታደሮቻችንን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቸገሩ አይቀርም። ኤልዛቤትቪል፣ ጃዶትቪል፣ አልበርትቪል ይላል ጽሑፉ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ካርታ ሉቡምባሺ፣ ሊካሲ፣ ካሌሚ ነው የሚለው። እነዚህ ከተሞች የነበሩበት፣ ካታንጋ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ ክፍለ ሀገር ራሱ ዛሬ የለም። ወታደሮቻችን የሄዱበትን ቦታ ሳላውቅ ታሪካቸውን ማንበብ አልሆንልህ ስላለኝ፣ የክፍለ ሀገሩን መልክዓ ምድርና የአስተዳደር ታሪክ በካርታ ላይ ለማስፈር ተነሣሁ። አሠራሬን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ድንበር አልሣልኩም። ያስቀመጥኩት ውኃውን ነው። ሉዋላባ ወንዝ ከዛምቢያ ድንበር አጠገብ ካለው ደጋ ይነሣና ወደ ሰሜን ይወርዳል። ኡፔምባ ከሚባለው ረባዳ ምድር ሲደርስ ሐይቅና ረግረግ ይሆናል። የሉባ መንግሥት የበቀለው በዚህ አካባቢ ነው። ሉዋላባ ከዚያም አልፎ ሄዶ ኮንጎ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ይሆናል። በምሥራቅ ታንጋኒካ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ የሚወጣው ሉኩጋ ወንዝ ሉዋላባ ውስጥ ይገባል። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ሉዋፑላ ወንዝና ምዌሩ ሐይቅ ከዛምቢያ ጋር ያዋስናሉ። ደቡቡ ደጋ ነው። ሉቡምባሺ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መዳቡና ኮባልቱም የሚገኘው በዚሁ ደጋ፣ ከሉቡምባሺ አካባቢ እስከ ኮልዌዚ ድረስ ነው።

ውኃው ከተቀመጠ በኋላ ግራ ያጋባኝ የነበረው የደቡብ ድንበር ተገለጠልኝ። ድንበሩ በአብዛኛው የኮንጎና የዛምቤዚ ተፋሰሶች የሚለያዩበትን ከፍታ ይከተላል። ይህም በ1894 እንግሊዝና የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ይገዛው የነበረው ኮንጎ የተስማሙበት ነው። ወደ ዛምቢያ ሆድ የገባው ያ ቀጭን የኮንጎ መሬትም የዚያ ስምምነት ውጤት ነው። ዛምቢያውያን ከመዳብ ከተሞቻቸው ወደ ሉዋፑላ ግዛታቸው በአቋራጭ ለመሄድ ዛሬም የሰው አገር ማቋረጥ አለባቸው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ስም ከዓመቱ ጋር አያያዝኩ። በ1891 በካታንጋ የነበረው የየኬ መንግሥት ንጉሥ ምሲሪ ሊዮፖልድ በላከው ዘመቻ መኮንን እጅ ተገደለ፤ አገሩም ለሊዮፖልድ ሆነ። ከ1900 ጀምሮ ያስተዳደረው ከመንግሥትና ከኩባንያ የተውጣጣ የካታንጋ ልዩ ኮሚቴ ነበር። በ1910 አስተዳደሩ ለቤልጂየም ቅኝ መንግሥት ተላለፈ። ያኔም ቢሆን ካታንጋ የራሱ ምክትል ጠቅላይ ገዢ ነበረው። ባቡሩ ከደቡብ፣ ከሮዴሺያ (ከዛሬዋ ዛምቢያ) በኩል ኤልዛቤትቪል የገባውም በ1910 ነው። ይህችን ልብ በሉ። መዳቡ የሚወጣበት መንገድ ወደ ደቡብ ነበር። በእኔ እምነት የኋላው የመገንጠል ታሪክ ያለዚህ ባቡር አይገባም።

በ1933 ክፍለ ሀገሩ ኤልዛቤትቪል ተባለ፤ የሎማሚ አውራጃም ተቆርጦ ለጎረቤቱ ለሉሳምቦ ክፍለ ሀገር ተሰጠ። በ1947 ካታንጋ የሚለው ስም ተመለሰ፣ ሎማሚ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ የ1920ው ካታንጋና የ1950ው ካታንጋ ስማቸው እንጂ መሬታቸው አንድ አይደለም። የሕዝብ ቁጥርም ሆነ የቆዳ ስፋት ስታገኙ፣ መጀመሪያ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቁ።

በጣም የተጠነቀቅኩት 1960 ላይ ነው። ሐምሌ 11 ቀን የክፍለ ሀገሩ መሪ ሞይስ ቾምቤ ካታንጋን ከኮንጎ ገንጥሎ ነጻ አገር ብሎ አወጀ። ብዙ ካርታዎች ክፍለ ሀገሩን በሙሉ በአንድ ቀለም ይቀቡታል። ሰሜኑ ግን አብሮት አልነበረም። በጄሰን ሴንድዌ የሚመራው የሉባዎች ፓርቲ መገንጠሉን ተቃውሞ ነበር፤ በሰሜኑም ከባድ ውጊያ ሆኗል። እኔ ሰሜኑን በሰረዝ ለየሁት። በ1962 ሰሜን ካታንጋ ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። መገንጠሉ በጥር 1963 ሲያበቃ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ይህን ስጽፍ ኩራት ተሰምቶኛል።

በዚያው ዓመት ደቡቡም ሉዋላባና ምሥራቅ ካታንጋ ተብሎ ተከፈለ። በ1966፣ በሞቡቱ ዘመን፣ ሁሉም ተመልሶ አንድ ሆነ። በ1971 ሻባ ተባለ፣ በ1997 እንደገና ካታንጋ። በ2015 ደግሞ ለአራት ተከፈለ። ላይኛው ካታንጋ ዋና ከተማው ሉቡምባሺ ነው፤ የሉዋላባ ኮልዌዚ፣ የላይኛው ሎማሚ ካሚና፣ የታንጋኒካ ካሌሚ።

ይህ ሁሉ ለውጥ እያለ ሥራውን ያቀለለልኝ ከክፍለ ሀገሩ በታች ያለውን ማየት ነው። ታንጋኒካና ላይኛው ሎማሚ ቀድሞም አውራጃዎች ነበሩ፤ በ2015 በነበሩበት ከፍ አሉ። ሉዋላባ የቀድሞው የሉዋላባና የኮልዌዚ አውራጃዎች አንድ ላይ ናቸው። ላይኛው ካታንጋ ደግሞ የዚያው ስም አውራጃ ከሉቡምባሺና ከሊካሲ ከተሞች ጋር ነው። አውራጃዎቹን አንዴ በደንብ መሣል በቂ ነው። ከዚያ እንደየዘመኑ መግጠምና መለየት ብቻ ይቀራል።

የ1963ቱንና የ2015ቱን ካርታ ደራርቤ ሳይ ሁለቱ በጣም ተቀራራቢ ሆነው አገኘኋቸው። ያኔ ሰሜን ካታንጋ የነበረው ዛሬ በአብዛኛው ታንጋኒካና ላይኛው ሎማሚ ነው። የመዳቡና የኮባልቱ ገቢ ያለው ግን በሁለቱ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ነው። ስለዚህ የዘማቾቻችንን ማስታወሻ ስታነቡ፣ የቦታ ስም ባገኛችሁ ቁጥር ሰሜን ነው ወይስ ደቡብ ብላችሁ ለዩ። ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ የሚገባችሁ ያኔ ነው።