ፈረቃው ካለቀ በኋላ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ መሳቢያ ሲበረብር ፊሽካዋን አገኛት። ፊሽካ ያገኘ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ነፋት። የወጣው ድምፅ ግን የፊሽካ አልነበረም፤ እንደ ሰለለ ጉሮሮ እሽሽ ብላ ቀረች። እህቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ምንም አልተናገረችም። እጇን ዘረጋች፣ ልጁ ሰጣት፣ ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፏል። ፊሽካዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እጽፋለሁ።

ጋሼ የእህቴ ባል ነበር። ፖሊስ። ከሞተ 7 ዓመት ሞላው። ስሙን አልጽፍም፤ በሕይወት እያለም በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ተማሪ ሆኜ እነሱ ቤት ስገባ “ጋሼ” አልኩት፣ በዚያው ጋሼ ሆኖ ቀረ።

የእህቴ ባል ፖሊስ ነበር፣ ሥራ ላይ እያለ ነው የሞተው ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። “በጥይት ነው?” አይ፣ መኪና ገጭቶት ነው እላለሁ። “ውይ፣ ነፍስ ይማር” ይላሉ። ከልባቸው ነው። ግን የሆነ ነገር ከፊታቸው ላይ ቀነስ ሲል አየዋለሁ። ጥይት ቢሆን ኖሮ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጉ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ በጣም ያበሳጨኝ ነበር። አሁንም ያበሳጨኛል፣ ግን መልስ መስጠት ትቻለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ቀን ፈረቃው ያለቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በሞተሩ ወደ ቤት እየመጣ ሳለ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው መንገዱን ዘግተው አገኘ። ቆመ። 6 ሰዓት ከ20 ላይ በራሱ ስልክ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደውሎ አምቡላንስ ጠየቀ። ከዚያ ከአደጋው በላይ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በአንድ እጁ ባትሪ እያውለበለበ፣ ፊሽካዋን እየነፋ የሚመጡትን መኪኖች ማስቆም ጀመረ። አንዱ አልቆመም። ሹፌሩ “አላየሁትም” አለ። ላያየው ይችላል። አንጸባራቂ ሰደርያውን ጣቢያ ሰቅሎት ነበር የወጣው። ፈረቃው አልቋላ።

አምቡላንሱ ሲደርስ መጀመሪያ ያነሳው እሱን ነው።

እንግዲህ ይሄ ነው “መኪና” ስል ሰው የማይሰማው። ፖሊስን የሚገድለው ሽፍታ ብቻ ይመስለናል። ከእሱ ሞት በኋላ ብዙ አነበብኩ፤ ሐዘን ሰውን የማያደርገው ነገር የለም፣ እኔን አንባቢ አደረገኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) አሜሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ የሞቱ ፖሊሶች በጥይት ከሞቱት የበለጡባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። መንገድ ዳር ቆሞ ሰው ሲረዳ የተገጨ አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ ምክንያት ሆኖ ደቡብ ካሮላይና በ1996 ሕግ አወጣች። መብራቱን አብርቶ የቆመ የፖሊስ ወይም የአምቡላንስ መኪና ካየህ ረድፍ ቀይር፣ ካልቻልክ ፍጥነት ቀንስ ይላል። ሃዋይ በ2012 ስትጨመር ሕጉ በ50ውም ግዛቶች ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ተራ ነገር እንኳ በሕግ መጻፍ ነበረበት። ጋሼ ደግሞ መብራት ያለው መኪና እንኳ አልነበረውም። የእጅ ባትሪ ነበረችው።

ስለ መርዶው ልጻፍ። እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ጋሼ በሥራው ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ማድረስ ነበር። ሌባ ማሳደድ ላብ ነው ይል ነበር፣ መርዶ ግን ሌላ ነው። ልጅ ነበርኩና ዝርዝሩን ጠየቅሁት። ነገረኝ። በስልክ አይነገርም። ብቻህን አትሄድም፤ ሁለት ሆናችሁ ነው። በር ላይ አትናገርም፣ ሰው በቁሙ ሊወድቅ ይችላል። “እንግባ? ብንቀመጥ ይሻላል” ትላለህ። ከዚያ ቃሉን ሳትሸፋፍን ትናገራለህ። “ተጎድቷል” ካልክ ሰውየው ጫማውን አድርጎ ወደ ሆስፒታል ሊሮጥ ይነሳል። “ሞቷል” ነው የሚባለው። ይሄን ሲነግረኝ እህቴ አጠገባችን ልብስ እያጠፈች ነበር። “በቃ፣ ሌላ ወሬ የላችሁም?” ብላ ተቆጣችን።

ያን ሌሊት በሩ ሲንኳኳ እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሁለት ፖሊሶች። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ገና ኮንስታብል ሳለ ጋሼ ያሰለጠነው ልጅ ነው፣ ቤታችንም ይመጣ ነበር። ቆቡን በእጁ ይዟል። እህቴ ነጠላዋን እየደረበች ከኋላዬ መጣች። ልጁ እሷን አየና፣ “እትዬ፣ እንግባ? ብንቀመጥ ይሻላል” አለ።

እህቴ የቀረውን አልሰማችም። “ብንቀመጥ” ሲል ጨርሳለች። ከማን እንደተማረው ታውቃለች።

ልጁ ግን ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተከተለ። አስቀመጣት፣ ፊት ለፊቷ በርከክ አለ፣ ቃሉን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲያለቅስ ያየሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሞተ ፖሊስን የሚሸኙበት አንድ ሥርዓት አላቸው። የሬዲዮ ሠራተኛዋ የሟቹን መለያ ቁጥር ትጠራለች። ዝም። ደግማ ትጠራለች። ዝም። ከዚያ ፈረቃው ማብቃቱን ታውጃለች። የተቀዳ ድምፁ በየቦታው ይገኛል፣ ሰውም እያዳመጠ ያለቅሳል። እኔ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ጋሼን የጠራችው የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ሠራተኛ ለሥርዓት አልነበረም የጠራችው። አምቡላንሱ እየደረሰ መሆኑን ልትነግረው ነው። ሦስት ጊዜ ደወለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። መዝገቡ ላይ ሰዓቱ ሁሉ ሰፍሯል።

መዝገቡን እንዴት እንዳየሁት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ለቤተሰብ የሚገባውን ክፍያ የሚያስፈጽም አንድ ቢሮ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እዚያ የተቀመጡት ሰው ፋይሉን ገለጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ “ፈረቃቸው አልቆ ነበር እኮ” አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም፣ አላመናጨቁንም። “ሥራ ላይ ነበሩ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል” አሉ ብቻ። እህቴ፣ “ፊሽካ አፉ ላይ ነበር” አለች። እሱ ማስረጃ አይሆንም። ሂዱ፣ ነገ ኑ፣ ኃላፊው የሉም፣ ማኅተም ይቀረዋል። 8 ወር። በመጨረሻ ያዳነን ያ የስልክ መዝገብ ነው። 6 ሰዓት ከ20፣ ደዋይ እሱ፣ ጉዳይ አምቡላንስ።

ደብዳቤው ወጣ። “ህይወታቸው ያለፈው በስራ ላይ እያሉ መሆኑ ተረጋግጧል” ይላል። አነበብኩትና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ምክንያት አለኝ። ጋሼ ሪፖርት መጻፍ አይሆንለትም ነበር፣ ግን ስህተት አይወድም። የፖሊስ ሥራ ግማሹ ወረቀት ነው። ፊልም ላይ ሽጉጥ ሲማዘዙ እያየ፣ “ይሄን ሁሉ ተኩስ ማን ነው ሪፖርት የሚጽፈው?” እያለ ይተክዝ ነበር፤ ፊልም አብሮት ማየት ቅጣት ነው። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ፣ እስክሪብቶውን ነክሶ ይጠራኛል። “አንተ የቀለም ሰው፣ ሕይወት በየትኛው ሀ ነው?” በሐመሩ ሐ እለዋለሁ። “ሥራስ?” በንጉሡ ሠ። በሚቀጥለው ሳምንት ይረሳዋል፣ ደግሞ ይጠይቀኛል። ሁለቱንም ቃል አብዝቶ ነበር የሚጽፋቸው። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም ተሳስተዋል። ቢያየው ቀይ እስክሪብቶ ያመጣ ነበር።

መልአክ አልነበረም። የሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ቀን አይቀረብም። የበር መዝጊያ ድምፅ ያስቆጣዋል። ምረቃዬ ላይ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ ተረኛ ተክቶ ነበር። ለሰው ተረኛ መተካት ይወዳል፣ ለእኛ መምጣት ግን ይረሳል። ወር ሙሉ አኮረፍኩት። አንድ ጠዋት ሳሎን ስገባ አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ካልሲ፣ እጁ ውስጥ ብሩሽ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጫማውን ሊወለውል ተቀምጦ እንቅልፍ ጥሎታል። ብሩሹን ከእጁ ወሰድኩና ጨረስኩለት። ሲነቃ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ “ታርቀናል ማለት ነው?” አለ።

ለንደን ውስጥ በ1984 ኢቮን ፍሌቸር የምትባል የ25 ዓመት ፖሊስ ከሊቢያ ኤምባሲ በተተኮሰ ጥይት ሞተች። ሰልፍ ላይ ጸጥታ እያስከበረች ነበር። ኤምባሲው 11 ቀን ሲከበብ ቆቧ የወደቀበት መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ማይክል ዊነር የሚባል የፊልም ዳይሬክተር ተነሳና፣ ለእንዲህ ያሉ ፖሊሶች እዚያው በወደቁበት ቦታ ድንጋይ ይቁምላቸው አለ። የእሷ በ1985 ቆመ። ሐሳቡን ሳልወደው አልቀረሁም፤ ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን እዚያው፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ። ጋሼ የወደቀበት ቦታ ምንም የለም። አስፋልት ነው። በአውቶቡስ ሳልፍ ከመስኮቱ ላለማየት ስልኬን አወጣለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አየዋለሁ።

ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ፖሊሶች መታሰቢያ ግን ሌላ ነው። በ1991 ነው የተመረቀው። ግልገሎቻቸውን የሚጠብቁ የነሐስ አንበሶች አሉት፣ ግድግዳው ላይ ስም በስም ነው፣ በየዓመቱ የጸደይ ወራት አዲስ ይጨመርበታል። ከተቀረጹት ጥቅሶች አንዱ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ጀግና ያደረጋቸው አሟሟታቸው ሳይሆን አኗኗራቸው ነው ትላለች። መጀመሪያ ሳነበው ለመታሰቢያ የሚባል ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ የባሏን አሟሟት አነበብኩ። በስልጠና ላይ፣ በስህተት በተተኮሰ ጥይት ነው የሞተው። ወንጀለኛ የለ፣ ማሳደድ የለ። እሷም ሰዎች “እንዴት ሞተ?” ሲሏት ከነገረቻቸው በኋላ ፊታቸውን አይታ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

6 ሰዓት ሊሆን ነው።

ፊሽካዋን ከብርሃኑ ስር አደረግኳት። የብረት ናት፣ ውስጧ ትንሽ ኳስ አለች። ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው የኳሷ መሽከርከር ነው። የዚህች ኳስ ጉዳይ ነው የተበላሸው፤ ጭቃ ደርቆባት ከጥግ ተጣብቃለች። መርፌ አመጣሁና መፈልፈል ጀመርኩ። ግራጫ አፈር በጥቂት በጥቂቱ ወረቀቱ ላይ ይረግፋል። ግማሽ ያህሉ ከወጣ በኋላ ነው የየት አፈር እንደሆነ የገባኝ። ያን ሌሊት ከሰዓቱና ከቁልፉ ጋር በፌስታል ነበር የተሰጠችን፣ ከዚያ ወዲህ ያጠባት የለም።

መርፌውን አስቀመጥኩ። ቀና ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም።

“ጨርሰው እንጂ” አለችኝ።

ጨረስኩት። ኳሷ ተላቀቀች። እህቴ መጥታ ፊሽካዋን ወሰደች። ትነፋታለች ብዬ ነበር፣ አልነፋቻትም፤ ልጁ ተኝቷል። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ቀስ አድርጋ ነቀነቀቻት። ደግማ ነቀነቀቻት። ውስጧ ኳሷ ስትንከባለል ከተቀመጥኩበት ይሰማኛል።