«ሪፊፊ»ን በሁለት ዓምድ ስመዝን፦ ከፊልም ሂስ ልምምዴ

የፊልም ሂስ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፤ ስለ አንድ ትዕይንት «ግሩም ነው» ወይም «ደካማ ነው» ከማለቴ በፊት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን መጻፍ አለብኝ። አራት ኪሎ እየተሰበሰብን ፊልም የምናይ ጓደኞቼ እንደምታውቁት፣ ሰሞኑን ይህን ሕግ የሞከርኩት በዘረፋ ፊልሞች ላይ ነው። ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ ዡል ዳሲን ፓሪስ ውስጥ ሠርቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ለእይታ ያበቃው ጥቁርና ነጭ ፊልም «ሪፊፊ» ስለሆነ፣ በደብተሬ በግራ ዓምድ ጥንካሬውን፣ በቀኝ ዓምድ ድክመቱን እያደረግሁ የያዝኩትን ላካፍላችሁ። መጨረሻውንም ስለማነሣ ያላያችሁት አስቀድማችሁ እዩት።

ሴራው ቀላል ነው። ቶኒ የተባለ፣ ከእስር የወጣና ሳል የሚያሠቃየው አንጋፋ ሌባ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ የአንድ ጌጣጌጥ መደብር ካዝና ይሰብራል፤ ሌሎች ወሮበሎች ነገሩን ሲደርሱበት ግን ሁሉም ይበላሻል።

የጥንካሬው ዓምድ ከሞላ ጎደል የሞላው በዘረፋው ትዕይንት ነው። ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ንግግርም ሙዚቃም አይሰማም። ሰዎቹ ከመደብሩ በላይ ካለው አፓርታማ ሆነው ወለሉን ቀስ እያሉ ይፈለፍላሉ፤ ቀዳዳው ሲከፈት አስቀድመው የሚያሾልኩት የታጠፈ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው ከታች ተዘርግቶ የሚረግፈውን ፍርስራሽ ይቀበላል፤ ትንሽ ንዝረት ብትፈጠር የማንቂያ ደወሉ ይጮኻልና። ደወሉን ዝም የሚያሰኙት ደግሞ በእሳት ማጥፊያ አረፋ ነው። እዚህ ላይ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ አረፋው እንደሚሠራ ተመልካቹ አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ሰዎቹ ተመሳሳይ ደወል አምጥተው መላ ሲፈልጉለት አብረን አይተናል። ስለዚህ ዘረፋው ሲጀመር አስረጂ አያስፈልገንም፤ ጭንቀታችን የሚመነጨው ምን እየሠሩ እንደሆነ ካለማወቃችን ሳይሆን፣ ይሳካላቸው ይሆን ከሚለው ጥያቄ ነው። በርካታ የዘመናችን የዘረፋ ፊልሞች ዕቅዱን ከተመልካቹ ደብቀው በመጨረሻ ሊያስደንቁት ይሞክራሉ። እኔ የዳሲንን መንገድ እመርጣለሁ፤ የተደበቀ ዕቅድ አንዴ ከታወቀ ኃይሉ ይሟጠጣል፣ ይህ ትዕይንት ግን ደግመው ሲያዩትም ትንፋሽ ያስይዛል።

የሙዚቃው ደራሲ ዦርዥ ኦሪክ ለዚህ ክፍል ሙዚቃ ጽፎ ነበር፤ ዳሲን ትዕይንቱን አንዴ ከሙዚቃው ጋር፣ አንዴ ያለ ሙዚቃው ሲያሳየው ግን ሙዚቃው እንዲቀር ኦሪክ ራሱ ተስማማ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ድምፁን ብቻ እየተከታተልኩ ትዕይንቱን ደግሜ አየሁት፤ የመሮው ምት፣ የፍርስራሹ መርገፍ፣ ካዝናው ሲቆረጥ የሚሰማው የብረት ፍጭት እያንዳንዳቸው እንደ ንግግር ትርጉም አላቸው። ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ዘግተው መንገዱ ጭር ሲል ያለፈ ሰው፣ በዚያ ሰዓት አንዲት የብረት ኮሽታ ምን ያህል ርቃ እንደምትሰማ ለመገመት አይቸገርም።

የድክመቱ ዓምድ የሚጀምረው ከዘረፋው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉ ነገር ከሰዎቹ ጥንቃቄና ችሎታ የሚመነጭ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ሴራው የሚንቀሳቀሰው በሕፃን ጠለፋ ነው። ልጅ ሲጠለፍ ማንም ተመልካች ይጨነቃል፤ ስለዚህም ነው ዘዴውን ርካሽ ያልኩት፤ ያን ያህል በትዕግሥት ለሠራ ዳይሬክተር አይመጥነውም። የምሽት ክበቡ ዘፈንም ታሪኩን ያቆመዋል እንጂ አያራምደውም።

ካዝና ሰባሪውን ቄሳርን በየትኛው ዓምድ እንደማስገባው ግን ብዙ አሰብኩ። ቄሳር ከዘረፋው ላይ አንድ ቀለበት አስቀርቶ ለወደዳት ዘፋኝ ይሰጣል፤ ቀለበቱ ወሮበሎቹን ይመራቸዋል፤ እሱም በፍርሃት የጓደኛውን ስም ያወጣል። ቶኒ ካገኘው በኋላ እንደሚወደው ነግሮት ይገድለዋል። በዝርዝር ተሠርቶ በታየ ጥንቃቄ ላይ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት መከተሉ አያሳምንም የሚል መከራከሪያ አለ፤ እኔም መጀመሪያ ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ሚዛኑን የለወጠብኝ ቄሳርን የሚጫወተው ዳሲን ራሱ መሆኑ ነው። ዳሲን በአሜሪካ በ1951 የሙያ ባልደረቦቹ ኮሙኒስት ነው ብለው ስሙን ለምክር ቤት መርማሪዎች ከሰጡበት በኋላ ከሆሊውድ ሥራ የተገለለ ሰው ነበር። ስም አሳልፎ የሰጠውን ሰው ራሱ ሆኖ ታስሮና ፈርቶ ሲሞት ማየት ለትዕይንቱ ከሴራው የሚልቅ ክብደት ይሰጠዋል። ስለዚህ በግራ አስቀመጥኩት።

ማዶ የተባለችው ሴት ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ያከራከረን ነው። ቶኒ እሱ ታስሮ ሳለ ከሌላ ወንድ ጋር ስለሆነች በቀበቶ ይገርፋታል፤ ካሜራው ከድብደባው ፊቱን ቢያዞርም ፊልሙ ግን ከቶኒ ጎን አይርቅም፤ የእሷን ሥቃይም የሚከታተልላት የለም። ከእኛ መካከል «የዘመኑ ልማድ ነው» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ለካዝና ግማሽ ሰዓት የሰጠ ፊልም ለአንዲት ሴት ሁለት ደቂቃ መንፈጉን በከባድ ጉድለትነት መዝግቤዋለሁ።

የመጨረሻው ጉዞ ደግሞ ከጠለፋው ታሪክ ያዳንኩት ክፍል ነው። ቶኒ ቆስሎ እየደማ መኪናውን ሲያበር፣ ከጎኑ ያለው ልጅ ምንም ሳይገባው በአሻንጉሊት ሽጉጥ ይጫወታል። ዘዴው ርካሽ ነው ያልኩት ጠለፋ እዚህ ትርፍ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም።

በቀጣይ የምለማመደው በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ መሐል የሚፈጸም ዘረፋን የሚያሳይ ፊልም መርጬ ውጥረቱ ያለ ዝምታ እንዴት እንደሚገነባ በዚሁ መንገድ መመዝገብ ነው። በማዶ ጉዳይ ላይ ከእኔ የተለየ ሚዛን ያላችሁ ትዕይንቱን ጠቅሳችሁ ብትጽፉልኝ በደስታ አነባለሁ።