ምስጠራ በግራፊክስ ካርድ፦ ፍጥነቱና የሚበላው ኃይል

ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ስልት በኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላይ በኩዳ (ለኤንቪዲያ ካርዶች ፕሮግራም መጻፊያ) እየጻፍኩ ማስኬድ ስጀምር የምከታተለው ፍጥነቱን ብቻ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ለአንድ ጊጋባይት ስንት ጁል (አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ሲበላ የሚወጣው ኃይል) ወጣ የሚለው ጥያቄ በልጦብኛል። እስካሁን የደረስኩበትን ለመሰል ሞካሪዎች አካፍላለሁ።

ኤኢኤስ መረጃን 16 ባይት በ16 ባይት እየከፈለ የሚመሰጥር ሲሆን፣ ቁልፉ 128 ቢት ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል 10 ዙር ያልፋል። ክፍሎቹን እርስ በርስ በሚያያይዘው የሲቢሲ አሠራር አንዱ ክፍል የቀደመውን ውጤት መጠበቅ ስላለበት አብዛኞቹ የካርዱ ኮሮች (ትንንሽ ማስሊያዎች) ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ሲቲአር የተባለው ሌላው አሠራር ግን ቆጣሪ ቁጥር መስጥሮ ውጤቱን ከመረጃው ጋር በኤክስኦር (ቢት ለቢት በሚሠራ ስሌት) ስለሚያዋህድ፣ እያንዳንዱ ትሬድ (ካርዱ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው ሥራዎች አንዱ) ማንንም ሳይጠብቅ የድርሻውን ይሠራል፤ እኔም የያዝኩት ይህንኑ ነው። (በአንድ ቁልፍ ቆጣሪው ከተደገመ ግን ምስጢሩ ይወጣል፤ ያኔ ፍጥነቱ ለምን ይበጃል?)

ብዙ ያደከመኝ የሰንጠረዡ ጉዳይ ነው። የተለመደው ዘዴ የዙሩን ስሌት አስቀድሞ ሠርቶ፣ እያንዳንዳቸው 256 ባለ 4 ባይት ቁጥሮች በያዙ አራት ሰንጠረዦች ማስቀመጥ ነው። ሰንጠረዦቹ ሼርድ ሜሞሪ (ትሬዶች የሚጋሩት ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ሲገቡ፣ ሜሞሪው ባንክ በሚባሉ 32 ክፍሎች የተከፈለ በመሆኑና የአንድ ዋርፕ (አብረው የሚሄዱ ትሬዶች ቡድን) 32 ትሬዶች በአንድ ጊዜ የተለያየ ቦታ ስለሚጠይቁ፣ አንድ ባንክ ላይ የተገናኙት ወረፋ ይይዛሉ። መፍትሔው አንዱን ሰንጠረዥ ብቻ 32 ጊዜ አባዝቶ ለየትሬዱ የራሱን ባንክ መስጠት ነው፤ ይህ 32 ኪሎባይት ይወስዳል። የቀሩት ሦስቱ የዚሁ ሰንጠረዥ ባይቶች ዞረው የሚገኙ ስለሆኑ እዚያው ይሰላሉ። ወረፋው ሲቀር ፍጥነቱ በግልጽ ጨመረ።

ወደ ኃይሉ ስንመጣ፣ 150 ዋት እየወሰደ በሰከንድ 10 ጊጋባይት የሚመሰጥር ካርድ ለአንድ ጊጋባይት 15 ጁል ያወጣል እንበል፤ በ100 ዋት 8 ጊጋባይት የሚሠራው የሚያወጣው ግን 12.5 ጁል ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ቢሆኑም፣ የራሴን ካርድ የዋት ጣሪያ ዝቅ ሳደርግ ያየሁት ይህንኑ አዝማሚያ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ ቮልቴጁም አብሮ ስለሚወርድ ፍጆታው ከፍጥነቱ ይልቅ ቶሎ ይቀንሳል። ጣሪያው ከልክ በላይ ከወረደ ግን ሥራው ይረዝምና የማራገቢያውና የሜሞሪው ቋሚ ፍጆታ ትርፉን ይበላዋል።

ከሁሉ የከበደው ማመላለሱ ነው። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ባለ 16 መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 16 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ካርዱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከዋናው ሜሞሪ የሚመጣ መረጃ ከዚህ አያልፍም። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለኤኢኤስ የተለየ ትእዛዝ ይዘው መምጣት ስለጀመሩ፣ ዲስክ ላይ ላለ ፋይል ካርዱን ማስነሳት አያዋጣም ባይ ነኝ። መረጃው ቀድሞውኑ ካርዱ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ የምሞክረው ሰንጠረዥ የማይፈልገውንና ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን በመደመር፣ በኤክስኦርና በማዞር ብቻ የሚሠራውን ቻቻ20 የተባለ ሌላ የምስጠራ ስልት ነው። ካርዱ ራሱ የሚያሳየው የዋት ንባብ የፕሮሰሰሩን ድርሻ ስለማይጨምር፣ በዚያኛው ዙር የኮምፒውተሩን ጠቅላላ ፍጆታ ከሶኬቱ ላይ እለካለሁ።