በራስ ኪስ መወዳደር፦ ስፔክ ሚያታ

አሜሪካ ውስጥ ያለ ስፖንሰር መወዳደር ለሚፈልግ ሰው ስፔክ ሚያታ የተባለው የመኪና ውድድር ምድብ ጥሩ መግቢያ ነው። መኪኖቹ ከ1990 እስከ 2005 የተሠሩ ማዝዳ ሚያታዎች ናቸው፤ ሞተራቸው 1.6 ወይም 1.8 ሊትር፣ ጎማቸውም ሾካቸውም (ንዝረት መምጠጫቸው) በውድድሩ ሕግ የተወሰነ።

ለውድድር የተዘጋጀውን ግዙ። ተራ ሚያታ ገዝቶ ኬጅ (መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቱቦ ማዕቀፍ) ማስበየድ፣ መቀመጫና ቀበቶ ማስገጠም ሲደመር ከዝግጁው ይበልጣል። የቀበቶውን ቀን ሳታዩ ግን አትክፈሉ፤ ጊዜው ካለፈ ፍተሻ ላይ ይወድቃል። የተወዳዳሪነት ፈቃዱ የሐኪም ምርመራና የውድድር ትምህርት ይጠይቃል፣ ያን ያህል አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የፊት እግር ኩሽኔታ ነው። የውድድር ጎማ መሬት ሲቆነጥጥ በየኩርባው ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይበዛል። ጎማውን ከመሬት አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ትንሽም ቢላወስ ቀይሩት። ላልቶ ሲወዛወዝ ዲስኩ የፍሬን ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ በሚቀጥለው ኩርባ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ፔዳሉ የሚሰምጠው ሲግል ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍሬን ዘይቱን ጠርጥሩ፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ቶሎ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ይታመቃል። ከየውድድሩ በፊት አዲስ ዘይት ሞልታችሁ አየሩን አስወጡ። የጎማ ዳዶዎቹን ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክ ላይ ነድታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ሲቀዘቅዙ ድገሙት።

ኪስ የሚያራቁተው ጎማ ነው፣ የመመዝገቢያው ክፍያ አይደለም። ለግጭትም ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ፤ መደበኛው የመኪና ኢንሹራንስ የውድድር ጉዳት አይሸፍንም።