«ብርሃንህንና እውነትህን ላክ»፦ በሰንበት ስለ መሪዎች የምንጸልየው ጸሎት

በሰንበት ጠዋት የኦሪቱ ንባብ ካበቃ በኋላ፣ ጥቅልሉ ወደ ማኖሪያው ከመመለሱ በፊት፣ በእኛ ምኩራብ ሁሉም ሰው ይቆማል። ጸሎቱን የሚመራው ሰው «በሰማያት ያለህ አባታችን፣ የእስራኤል ዐለትና ታዳጊ» ብሎ ይጀምራል። ይህ «ተፊላ ሊሽሎም ሀመዲና»፣ ማለትም ስለ አገሪቱ ሰላም የሚደረገው ጸሎት ነው፤ እስራኤል በተመሠረተችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በሁለቱ ዋና ረቢዎች በይስሐቅ ሄርዞግና በቤንጺዮን ኡዚኤል ስም የወጣ ነው። ለመሪዎች የሚለምነው ክፍል አጭር ነው፦ «ብርሃንህንና እውነትህን ለመሪዎቿ፣ ለሹማምንቷና ለአማካሪዎቿ ላክ፤ ከፊትህም በሚወጣ መልካም ምክር አቅናቸው»።

እ.ኤ.አ. በ2023 አገሪቱ በፍርድ ቤቶች ሥልጣን ጉዳይ ተከፍላ፣ ሰንበት በወጣ ቁጥር አደባባዮች በሰልፈኛ በሚሞሉበት ወራት፣ ይህ ጸሎት ሲደርስ አንደበቴ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። በቤታችን ማዕድ ዙሪያ እንኳ አንዱ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው የማያደምጥበት ጊዜ ነበር። ለመሪ መጸለይ መሪውን ማመስገን፣ ያደረገውንም ሁሉ ማጽደቅ መስሎ ስለታየኝ ቆሜ ዝም እል ነበር።

ዝምታዬን ያስተወኝ የጸሎቱን ቃል ከምንጩ መፈለጌ ነው። «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» የሚለው በዕብራይስጡ ቁጥር ከመዝሙር 43 የተወሰደ ነው፤ በኢትዮጵያ ዳዊት 42ኛው ነው። መዝሙሩ የሚከፈተው ደግሞ «ፍረድልኝ» በሚል ጩኸት ነው፤ የሚናገረው ሰው ከሸንጋይና ከግፈኛ እጅ እንዲያድነው ፈጣሪውን ይማጸናል። ስለዚህ ለሹማምንት የምንለምነው ብርሃን አስቀድሞ የተለመነው በተበደለ ሰው አፍ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጸሎቱን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርሁ፤ «አቅናቸው» የሚለው ቃልም ቢሆን የሚጎብጥ ነገር እንዳለ አምኖ የሚነገር እንጂ የውዳሴ ቃል አይደለም።

በሥራ ቀናት ሦስት ጊዜ ቆመን በምንጸልየው፣ «በረከት» በሚባሉ ክፍሎች በተከፋፈለው በዐሚዳ ጸሎት ውስጥም አራተኛው በረከት ማስተዋልን፣ አሥራ አንደኛው ፍርድን ይለምናል። «ዳኞቻችንን እንደ ቀድሞው፣ አማካሪዎቻችንንም እንደ መጀመሪያው መልስልን» የሚለው ይህ በረከት የተቀዳው ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ነው፤ ነቢዩም ይህን ተስፋ ከመናገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ አለቆቹ የሌቦች ባልንጀሮች እንደሆኑ፣ ሁሉም ጉቦ እንደሚወዱ፣ የመበለቲቱም ሙግት ወደ እነርሱ እንደማይደርስ ይናገራል። በረከቱ ወዲያው ቀጥሎ «ኀዘንንና ልቅሶን ከእኛ አርቅ» ይላል። ዳኛ ሲጠፋ ማን እንደሚያለቅስ ጸሎቱን የደረሱት ሊቃውንት አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሰሎሞን በገባዖን በሕልሙ የለመነውን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አስተዋይ ልቡና» እያልን እናነበዋለን። ዕብራይስጡ «ሌቭ ሾሜዓ» ነው፤ ቃል በቃል «የሚሰማ ልብ» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈው ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሕፃን የተካሰሱበት ፍርድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰይፉን ብቻ ነው። እኔ ግን ከሰይፉ በፊት ያለው ያስደንቀኛል፤ ንጉሡ ሰይፍ አምጡ ከማለቱ በፊት «ይህች እንዲህ ትላለች፣ ያቺም እንዲህ ትላለች» እያለ የሁለቱንም ቃል መልሶ ይናገራል። ከሳሽም ተከሳሽም ቃላቸው እንደተሰማ በዚያ ያውቃሉ።

ጸሎቱ ለወደዱት መንግሥት ብቻ የተሰጠም አይደለም። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ ለማረካቸው አገር ሰላም እንዲጸልዩ ያዛል፤ ሮማውያን ይሁዳን በያዙበት ዘመን የኖረው ምክትል ሊቀ ካህናት ረቢ ሐኒናም «መፈራቱ ባይኖር ሰው ባልንጀራውን በሕይወቱ ይውጠው ነበርና ስለ መንግሥት ሰላም ጸልዩ» ብሎ አስተምሯል።

አባቴ በጎንደር ገጠር የእኛን የቤተ እስራኤል ቄሶች የግዕዝ ጸሎት እየሰሙ ያደጉ ስለሆኑ የምኩራቡ ዕብራይስጥ ይፈጥንባቸዋል፤ አጠገባቸው ቆሜ ቀስ ብዬ አማርኛውን እነግራቸዋለሁ። በአንዱ ሰንበት «ለአማካሪዎቿም» ስል ክንዴን ያዝ አድርገው፦

«ለአማካሪዎቹም ይጸለያል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ፤ ከመሪዎቹ ጋር አብረው ይጠራሉ።»

«እንግዲያስ የሮብዓምን ነገር አልረሱትም።»

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም፣ ሕዝቡ አባቱ የጫነበትን ቀንበር እንዲያቀልለት ሲለምነው የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ የአብሮ አደጎቹን ምክር ሰማ፤ ዐሥሩም ነገዶች ተለዩት። አባቴ ይህን ካሉኝ በኋላ ወደ ፊት ዞሩ፤ አንባቢው ገና ሳይጨርስም «አሜን» አሉ፤ እኔም ተከተልኋቸው።