ሽምብራ የምታክል እጢ

ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔና የእህቴ ልጅ በደብረ ብርሃን ቁር ጋቢ ተከናንበን ተነሥተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ የገባነው ለቀዶ ሕክምና ነበር። ቁርጭምጭሚቱን ሁለት ዓመት ሲያመው ወለምታ መስሎን በወጌሻ ስናሳሸው ኖረናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሕመሙ ሌሊት እየባሰ በአይቡፕሮፌን፣ በሕመም ማስታገሻው፣ ጋብ ማለቱ የኦስቲኦይድ ኦስቲኦማ ዋና ምልክት እንደሆነ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ይህ ካንሰር ያልሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የአጥንት እጢ ሲሆን፣ ተራ ራጅ ሊስተው ስለሚችል አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ እጢው ታለስ በተባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት አንገት ላይ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለነበረ፣ እግሩን በሰፊው መክፈት ሳያስፈልግ በአንዱ ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌላው መፋቂያ አስገብተው አወጡት። በመርፌ ገብቶ በሙቀት የማቃጠል ዘዴም አለ፤ ሆኖም ለመገጣጠሚያ የቀረበ እጢ ሲሆን ሙቀቱ ልም አጥንቱን እንዳይጎዳ ያሰጋል። የተፋቀው ለምርመራ ሲላክ በብልቃጡ ውስጥ አየሁት፤ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። ያን ሁሉ ሌሊት የነሣን ይህ ነው?

አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት «ጋሼ፣ እግሬን» እያለ የሚቀሰቅሰኝ ልጅ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን ትራስ ላይ አሳርፎ ያንኮራፋል።