ጅንባርን በጆሮዬ ያየሁ ቀን

ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ ስሜን ተራሮችን እስከ ሠላሳ ዓመቴ ያየሁት በፖስተር ነው። ዩኔስኮ ስሜንን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978፣ የእኛን ፋሲል ግንብ በዓመቱ በ1979 ነው። እኔ ግን በግንቡ እየኮራሁ መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ ከበደኝ። በመስከረም ማለቂያ ከጓደኛዬ ጋር ተነሣን፤ ጅንባር ፏፏቴን አይተን ማታውኑ ልንመለስ። «ይሄ እቅድ ሳይሆን ቅዠት ነው» የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከጎንደር መናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ ደባርቅ፣ እዚያ የፓርኩን መግቢያ ከፍሎ፣ ስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ይዞ፣ መኪና ተኮናትሮ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ። ከመኪና ወርዶ ፏፏቴው እስከሚታይበት ቋጥኝ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር። በቃ።

እኛ ንጋት 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ «ሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ እስከ 2 ሰዓት ተኩል አስቀመጠን። ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ተሳፋሪዎች የራሱ ሰዎች እንደነበሩ የገባኝ፣ ልንነሣ ስንል ሲወርዱ ነው።

ከዚያ ፍተሻ። የጓደኛዬ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። በስንት? በአሥራ አንድ ቀን! ፈታሹ ገልብጦ አየና «ይሄ ሞቷል» አለ። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ። ጓደኛዬ ፋይዳውን ከስልኩ ቢያሳየው፣ «የስልክ ፎቶ አላምንም፣ አለቃ ይምጣ።» አለቃ ቁርስ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆመን አለቃ መጣ፤ ስልኩን በቅጡ እንኳ ሳያይ «ሂዱ» አለን። እስካሁን ያንገበግበኛል። የባሰ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ዋዜማውን «መታወቂያ ያዝ» አልኩት እንጂ «እስቲ አሳየኝ» አለማለቴ ነው።

አይሱዙ ለምነን ተሳፍረን ደባርቅ ስንደርስ 6 ሰዓት አልፏል። እዚያም «የአገሩ ልጅ ነኝ፣ ስካውት ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ስከራከር ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። የደረሱን ስካውት ፀጉራቸው የሸበተ አባት ናቸው። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ዛሬ አትደርሱበትም። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቆላ ይወጣል። እደሩና ጧት እንሂድ» አሉኝ።

«ግድ የለም አባቴ፣ እንሞክር» አልኩ። እንሞክር!

ቋጥኙ ላይ ስንደርስ 9 ሰዓት ተኩል። ከፊታችን ነጭ ግድግዳ። ወደ 500 ሜትር የሚወረወረው ውኃ ድምፁ ደረት ያንቀጠቅጣል፣ ውኃው ግን የለም። የቆላው ሙቀት ገደሉን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ከደጋው ብርድ ጋር ይገናኝና ጉም ይሆናል፤ አባታችን ያሉት ይህንኑ ነበር። ጓደኛዬ ሠላሳ ሁለት ፎቶ አነሣ፤ ሁሉም የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። እኔ ደግሞ ትንሽ ጠጋ ብል ይታየኝ ይሆናል ብዬ ሁለት እርምጃ ስራመድ፣ ሽማግሌው በጃኬቴ ጎትተው አስቀመጡኝ። ጉም የለበሰ ገደል ሜዳ ይመስላል። ምንም አልተናገሩኝም፤ በሶአቸውን አውጥተው በጠበጡና አቀበሉኝ። ስለ ስካውት የተከራከርኩበትን ግማሽ ሰዓት አስታውሼ አፈርኩ።

ያልታሰበ አልጋ ተከራየን፣ ባለመኪናው ድጋሚ አስከፈለን። በማግስቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እዚያው ቋጥኝ ላይ ነበርን። ጠርቷል! ውኃው ከጥቁሩ ዓለት ላይ ይወረወርና ከመሬት ሳይደርስ ግማሹ እንደ እንፋሎት ይበተናል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣራቸውን ይነጫሉ።

አስጎብኚዎች «በበጋ ሂዱ፣ መንገዱም ደረቅ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው» ይላሉ። ለእግር ጉዞ እውነት ነው፤ ለፏፏቴ አልስማማም። በጋው ሲገፋ ውኃው ይቀጥናል። ጭቃውን ችላችሁ በመስከረም መጨረሻ ሂዱ፣ ግን ደባርቅ እደሩ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቋጥኙ ላይ ተገኙ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው፣ የጎንደር ሰው ነኝ ማለት ከብርዱ አያድንም፤ ጋቢ ያዙ። ስኒከር አታድርጉ፣ የእኔ ሁለት ቀን አልደረቀም። የመንገዱን ሰላም ዋዜማውን ከሾፌሮች ጠይቁ።

ጓደኛዬ አሁን «በጥር ራስ ዳሽን እንውጣ» ይለኛል። «መታወቂያህን አሳየኝ» ስለው ወሬ ይቀይራል።